ውድ ካንዴላ አሮጌ መኪና አያድንም

ከሆለታ እስከ ባኮ ባለው መንገድ ላይ አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ሁሉ ይህን ምክር ሰምቷል። ቮልሷ ጠዋት አልነሳ ስትል፣ ላዳዋ አቀበት ላይ ስትንገጫገጭ፣ ዲኤክሷ ቤንዚን አብዝታ ስትጠጣ፣ አንዱ ቀረብ ይልና «ጋሼ፣ ይሄን ተራ ካንዴላ ይጣሉት፤ ኢሪዲየም ያስገቡላት፤ እንደ አዲስ ነው የምትሆነው» ይላል። ምክሩ ጋራዥ በር ላይ ይነገራል፣ መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ይነገራል፣ ቡና ላይ ይነገራል። ከመደጋገሙ የተነሣ ማስረጃ የሚጠይቅበት ሰው ጠፍቷል። እኔ ግን ምክሩ ስሕተት ነው እላለሁ። የሚያደርሰው ጉዳትም በከንቱ በወጣው ገንዘብ አያበቃም፤ ባለቤቱ ማየት የነበረበትን የሞተር ሕመም ሸፍኖ፣ ሕመሙ ሥር እስኪሰድ ጊዜ ይሰጠዋል።

የምከራከርለት ሐሳብ አጭር ነው። በካርቡሬተርና በፑንቲና ለምትሠራ መኪና፣ በተለይም እንደ አምቦ ባለ ደጋ ላይ ለምትኖር፣ ትክክለኛው ካንዴላ ፋብሪካዋ በመጽሐፏ የጻፈላት ተራ የኒኬል ካንዴላ ነው። የሙቀት ቁጥሩ ያልሳተ፣ የጥርሱ ርዝመት የተመጠነ፣ ክፍተቱ በፊለር የተለካ፣ ጊዜው ሲደርስም ሳይለመን የሚቀየር። ከዚህ በላይ የሚከፈል ገንዘብ ወደ ሞተሩ አይደርስም።

ቮልስን ዋና ምሳሌ አደርጋለሁ። በዚህች ሀገር የማያውቃት የለም፤ ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ያስወጣቸውም በቮልስ ነበር። ጀርመን ውስጥ መሠራቷ በ1978 እ.ኤ.አ. ቢቆምም ሜክሲኮ እስከ ሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ስትሠራት ቆይታ፣ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች ተመርተዋል። መለዋወጫዋ እስከ ዛሬ የሚገኘውም ከዚህ የተነሣ ነው። ደግሞም በ1948 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለው የመጀመሪያው ፖርሽ 356 የተሠራው ከዚችው መኪና ዕቃዎች ነው፤ ስለዚህ ቮልሷን ዝቅ አድርገው፣ የኋላ ጎማዋን አስፍተው፣ ሁለት ካርቡሬተር ጭነው እንደ ስፖርት መኪና የሚነዷት ወጣቶች ከታሪኳ አልወጡም። ፍቅራቸውን አከብራለሁ። ክርክሬ ግን በይበልጥ ከእነሱ ጋር ነው፤ «የውድድር ካንዴላ» ፍለጋ መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ የሚወርዱት እነሱ ናቸውና።

ካንዴላ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛውን ሁሉም ያውቀዋል፤ እሳት ይሰጣል። ሁለተኛው ይረሳል፤ ከሲሊንደሩ የሚቀበለውን ሙቀት በጥርሱ በኩል ወደ ቴስታታው ያሳልፋል። ይህን ሲያደርግ ጫፉ በጣም ሳይግል፣ በጣምም ሳይቀዘቅዝ መቆየት አለበት። ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልሞላ የተለጠፈበትን ጥላሸት አቃጥሎ አያራግፍም። ጥላሸቱ በነጩ ሸክላ ላይ እየተጋገረ ይሄዳል፤ ኤሌክትሪኩም ክፍተቱን ዘሎ እሳት መሆኑ ይቀርና በጥላሸቱ ላይ ሾልኮ ወደ ሞተሩ አካል ይጠፋል። ከ850 ወይም ከ900 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ የጋለው ጫፍ ራሱ ድብልቁን ያለ ጊዜው ያቀጣጥለዋል። ፒስተን የሚበሳው ያኔ ነው።

ካንዴላን ሙቅ ወይም ቀዝቃዛ የሚያሰኘው የሸክላው አፍንጫ ርዝመት ነው። አፍንጫው ረጅም ከሆነ ሙቀቱ ወደ ቴስታታው ለመድረስ ብዙ ይጓዛል፤ ጫፉ ሙቅ ሆኖ ይቆያል። አጭር ከሆነ ሙቀቱ ቶሎ ይወጣል፤ ጫፉ ይቀዘቅዛል። ካንዴላው ላይ የሚጻፈው የሙቀት ቁጥር የሚናገረው ይህንኑ ነው። እስካሁን በተናገርኩት ውስጥ ኢሪዲየም አልተነሣም፤ ያላነሣሁትም ቦታ ስለሌለው ነው። የጫፉ ብረት ምንም ሆነ ምን፣ የሙቀት ቁጥሩ ከሳተ ካንዴላው ስቷል።

አሁን ወደ አምቦ እንምጣ። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ሆለታ ወደ 2,400 ሜትር ትጠጋለች፤ ከጉደር ወደ ጌዶ ሲኬድ መንገዱ እንደገና ሽቅብ ነው፤ ባኮ ሲደረስ ደግሞ ወደ 1,650 ሜትር ይወረዳል። አምቦ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያነሰ ነው። ለባሕር ጠረፍ አየር የተመጠነ ካርቡሬተር ይህን አያውቅም። አየሩ ሲሳሳ የሚያፈሰው ቤንዚን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ 10 በመቶ ያህል ይወፍራል። የወፈረ ድብልቅ ጥላሸት ያበዛል፤ የጥላሸቱም ማረፊያ የካንዴላው ሸክላ ነው።

ይህ ብቻ አይደለም። ሞተሩ የሚስበው አየር ሲያንስ ጉልበቱም የሚያመነጨው ሙቀትም ይቀንሳሉ። የተለመደው ግምት በየ100 ሜትሩ ከፍታ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ይታጣል የሚል ነው። በዚህ ሂሳብ ፋብሪካው 50 የፈረስ ጉልበት አላት ያለላት የ1600 ቮልስ አምቦ ላይ የምትሰጠው 40 ያህሉን ነው። የአነዳዳችንን ነገር ስንጨምርበት ጉዳዩ ይብሳል። ከቤት እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ቤት፤ ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ ይጠፋል። በክረምት ጠዋት የተነሣች ቮልስ ቾኳ ገና ሳይከፈት የምትደርስበት ቦታ ትደርሳለች። እንዲህ ባለ ኑሮ የካንዴላው ጫፍ 450 ዲግሪን የሚያየው አልፎ አልፎ ነው።

ከፍታው፣ ካርቡሬተሩ፣ አጫጭሩ ጉዞ፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋሉ። በምዕራብ ሸዋ ደጋ የአሮጌ መኪና ካንዴላ ጠላቱ ጥላሸት ነው። ስለ ካንዴላ የሚሰጥ ምክር ሁሉ መመዘን ያለበት በዚህ ነው።

የኢሪዲየም ወገኖች ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ የሚሉትን በሙሉ ልስማላቸው። ኢሪዲየም የሚቀልጠው ከ2,400 ዲግሪ በላይ ነው፤ ኒኬል 1,455 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ከዚህ ጥንካሬው የተነሣ የካንዴላውን ጫፍ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ቀጭን አድርጎ መሥራት ይቻላል፤ ቀጭን ጫፍ ደግሞ በአነስተኛ ቮልቴጅ እሳት ይሰጣል። ቶሎም አይበላም፤ 100,000 ኪሎ ሜትር የሚደርስ አለ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። የእኛን መኪና ግን አይመለከትም።

ዕድሜውን እንውሰድ። ኢሪዲየም የሚከላከለው የጫፉን መበላት ነው። የደከመ ሞተር ካንዴላ ግን ተበልቶ ለመሞት ዕድሜ አያገኝም፤ ጠቁሮ ወይም በዘይት ርሶ ቀድሞ ይሞታል። ጥላሸቱ የሚጋገርበት ሸክላ ደግሞ በውዱም በተራውም ካንዴላ ላይ ያው ሸክላ ነው። ፋሻዋ ያለቀ ቮልስ ዘይት ስትልክበት የጫፉ ብረት ውድነት የሚያደርገው ነገር የለም። 100,000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የተሠራውን ዕቃ በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ያበላሸዋል፤ ባለቤቱም በተራው ካንዴላ ቢሆን በቀላሉ ይቀይረው የነበረውን፣ ዋጋው ስለሚያሳዝነው ከነጥቁረቱ ይዞት ይኖራል።

የቮልቴጁ ክርክር ከሁሉ ይልቅ በደጋ ሰው ፊት የማይቆም ነው። እሳት ክፍተቱን ለመዝለል የሚፈልገው ቮልቴጅ በሲሊንደሩ ውስጥ በታመቀው ድብልቅ ግፊት ይወሰናል። ግፊቱ ከፍ ሲል መዝለሉ ይከብዳል፤ ሲቀንስ ይቀላል። አምቦ ላይ ሞተሩ የሚያምቀው አየር ሲጀመር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ስለዚህ ኮይሏና ፑንቲናዋ ጤነኛ የሆነች ቮልስ የ0.7 ሚሊ ሜትር ክፍተቷን ከባሕር ጠረፍ ይልቅ እዚህ በቀላሉ ትዘላለች። ከፍታው በነጻ የሰጠንን ነገር ነው በውድ የምንገዛው።

«ኮይሏ የደከመችስ ብትሆን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የደከመ እሳት በቀጭኑ ጫፍ ላይ ለጊዜው ሊሻለው ይችላል፤ ይህን አልክድም። ክርክሬም ከዚሁ ይነሣል። ኮይሏ ከደከመች የሚቀየረው ኮይል ነው። ፑንቲናዋ ከተቃጠለች የምትቀየረው ፑንቲና ናት፤ ዋጋዋም ከአንድ ውድ ካንዴላ አይበልጥም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶች፤ ውድ ካንዴላ የሚያደርገው መደበቁን ነው። መኪናዋ ለጥቂት ሳምንታት ትነሳለች፣ ባለቤቱ ይደሰታል፣ ምክሩን ለጎረቤቱ ያስተላልፋል። ከዚያ አንድ ጠዋት ጊንጪ ላይ ትቆማለች።

ካንዴላ የሞተሩ ምስክር ነው። ሞተር ሳይከፈት የሲሊንደሩን ውስጥ የሚያሳየን ሌላ ርካሽ ነገር የለንም። ሲወጣ ሸክላው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሁሉም ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ድብልቁ ወፍሯል፣ ወይም የአየር ማጣሪያው ተደፍኗል፣ ወይም ካንዴላው ለዚያ ሞተር ቀዝቃዛ ነው። እርጥብና የሚያብረቀርቅ ጥቁር ከሆነ ዘይት ነው፤ ፋሻውን ወይም የቫልቩን መሪ ጠርጥሩ። ነጭ ሆኖ አረፋ የቋጠረ ወይም ጫፉ የቀለጠ ከሆነ ሞተሩ ከመጠን በላይ እየጋለ ነው፤ አየር በጎን እየገባ፣ ወይም እሳቱ ቀድሞ እየተሰጠ ሊሆን ይችላል። አራቱ ካንዴላዎች አንድ ዓይነት ጥቁር ሲሆኑ ችግሩ ከካርቡሬተሩ ነው፤ አንዱ ብቻ ሲለይ ችግሩ ከዚያ ሲሊንደር ነው። በቮልስ ደግሞ 3ኛውን ሲሊንደር ነጥሎ ማየት ይገባል። ከ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል በፊት በነበሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ከማራገቢያው የሚመጣውን አየር ስለሚጋርደው ከሌሎቹ ይልቅ የሚግለው እሱ ነው።

ይህን ሁሉ የሚነግሩንን ካንዴላዎች ጋራዡ ውስጥ አውጥተን ሳናያቸው እንጥላለን። በቦታቸው ውዱን እናስገባለን። ቴርሞሜትር ስለተቀየረ ትኩሳት የወረደለት በሽተኛ የለም።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ብዙ ደቂቃ ከሠራ በኋላ የወጣ ካንዴላ እውነቱን አይናገርም፤ ባለበት ሲዞር የቆየ ሞተር ሁልጊዜ ያጠቁራል። ከአምቦ ወደ ወንጪ በሚያስወጣው አቀበት ላይ ጉልበት እያወጣች ስትሄድ ቆይታ፣ ዳር ይዞ ወዲያው አጥፍቶ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ ማውጣት ነው። መብረዱን መጠበቅ ግድ ነው። የቮልስ ቴስታታ አሉሚኒየም ነው፤ በትኩሱ የተፈታ ካንዴላ ጥርሱን ይዞት ይመጣል፣ ጥርሱ የተበላ ቴስታታ ደግሞ ሞተር ያስወርዳል።

ወደ ወጣቶቹ ልመለስ። የእነሱ አነጋገር ትንሽ ይለያል፤ «ስፖርት መኪና ቀዝቃዛ ካንዴላ ይፈልጋል፤ ለውድድር የሚገባው እሱ ነው» ይላሉ። የሰሙት ከእውነት የመጣ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የውድድር ቡድኖች ሞተሩን በሙቅ ካንዴላ አስነሥተው ካሞቁ በኋላ፣ ውድድሩ ሊጀመር ሲል በቀዝቃዛው ይቀይሩት ነበር። ለምን አስቀድመው ቀዝቃዛውን አላስገቡም? ስለማይነሣላቸው፤ ቢነሣም ሳይሞቅ ስለሚያጠቁርባቸው ነው። ያ ካንዴላ የተሠራው ለረጅም ደቂቃዎች ነዳጅ ተረግጦ ለሚነዳ፣ እጅግ ለሚያምቅ ሞተር ነው። የ1600 ቮልስ የማመቅ መጠን 7.5 ለ1 ነው፤ በደጋ አየር ደግሞ ከዚያም ትቀላለች። አምቦ አስፋልት ላይ የሚነዳ ሰው ለውድድሩ መኪና የሚበጀውን ካንዴላ ሲያስገባ፣ የወሰደው እነዚያ ሰዎች በኋላ ያስገቡትን እንጂ ሲነሡ የተጠቀሙበትን አይደለም። እነሱም ለመነሣት ሙቁን ነበር የሚመርጡት።

ከቀዝቃዛው ምኞት ይልቅ ግን ብዙ ሞተር የሚያሠቃየው የቁጥር መምታታት ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጊዜ እንውሰድ። የኤን ጂ ኬ ካንዴላ ቁጥሩ ሲጨምር ይቀዘቅዛል፤ የዴንሶም እንደዚያው ነው። የቦሽ ካንዴላ ግን ቁጥሩ ሲጨምር ይሞቃል፤ የቻምፒዮንም እንዲሁ። ይባስ ብሎ የድሮው የቦሽ አጻጻፍ ከአሁኑ ተቃራኒ ነበር። የድሮ የቮልስ መጽሐፍ ያለው ሰው 145 የሚል ቁጥር ያገኛል፤ ያ 145 ዛሬ ቦሽ 8 ብሎ የሚጽፈው ነው። 175 ዛሬ 7 ሆኗል፣ 225 ደግሞ 5።

እንግዲህ የሚሆነውን አስቡ። ለቮልስ የሚታዘዘው የቦሽ ካንዴላ ደብሊው 8 ኤ ሲ ነው። ሱቁ ውስጥ ቦሽ የለም። ሻጩ በቅንነት 8 ቁጥርን ፈልጎ የኤን ጂ ኬ ቢ 8 ኤች ኤስ ይሰጣል። ጥርሱ ያው 14 ሚሊ ሜትር ነው፣ ርዝመቱ ያው 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ገብቶ ጥብቅ ይላል። ትክክለኛው አቻ ግን ቢ 5 ኤች ኤስ ነበር። ደንበኛው ሦስት ደረጃ የቀዘቀዘ ካንዴላ ይዞ ወጥቷል። ኤን ጂ ኬ እንደሚለው አንድ ደረጃ የጫፉን ሙቀት ከ70 እስከ 100 ዲግሪ ይቀይራል፤ ሦስቱ ሲደመር ከ200 ዲግሪ በላይ ነው። ያ ካንዴላ በምዕራብ ሸዋ ደጋ ላይ ራሱን የሚያጸዳበት ሙቀት ላይ አይደርስም። በሳምንት ውስጥ ይጠቁራል፤ ከዚያ «ተራ ካንዴላ አይረባም፤ ኢሪዲየም ያስገቡ» የሚለው ምክር ይከተላል። ተራው ካንዴላ ባላጠፋው ጥፋት ስሙ የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው።

«ጥርሱ ከገባ ሁሉም አንድ ነው» የሚሉትም እዚሁ መልሳቸውን ያገኛሉ። ርዝመት ላይ መሳሳት ከሙቀት ቁጥርም ይብሳል። በኤን ጂ ኬ አጻጻፍ «ኤች» 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፣ «ኢ» ደግሞ 19። 19 ሚሊ ሜትሩ ቮልስ ውስጥ ከገባ ጫፉ ከቴስታታው አልፎ ወደ ማቃጠያው ክፍል ይወጣል፤ ፒስተን ሊነካ ይችላል፣ ባይነካም የወጣው ጥርስ በጥላሸት ተጋግሮ ሲፈታ የቴስታታውን ጥርስ ይጨርሳል። የላዳ ተቃራኒ ነው፤ እሷ 19 ሚሊ ሜትሩን ትፈልጋለች። አጭሩን ብታስገቡላት እሳቱ ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። የላዳ መጽሐፍ አ 17 ዲ ቪ የሚለው ካንዴላ በኤን ጂ ኬ ቢ ፒ 6 ኢ ኤስ ነው፤ ክፍተቱም በፑንቲና ለሚሠራው ሞተር ከ0.5 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር። ከቮልስ ይጠብባል።

ልምድ ያለው መካኒክ የሚያነሣው አንድ ብርቱ ጥያቄ አለ። «ቮልስ በአየር ነው የምትቀዘቅዘው፤ አየሩ ከሳሳ አታቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ደጋ ላይ ቀዝቃዛ ካንዴላ ያስፈልጋታል» ይላል። ጥያቄው የሚያስብ ሰው ጥያቄ ነው። መልሱ ግን እዚያው አየር ውስጥ አለ፤ አየሩ ሲሳሳ ማራገቢያው የሚያነፍሰው እንደሚቀንስ ሁሉ ሞተሩ የሚያቃጥለውም በዚያው መጠን ይቀንሳል። የደጋው አየር ብርድም ለሞተሩ ያግዛል። ሙቀት የሚያሳስበው ከባኮ ተነሥታ፣ ተሳፋሪና ዕቃ ሞልታ፣ በ2ኛ ማርሽ ወደ ጌዶ የምትወጣዋን ቮልስ ነው። ለእሷ አንድ ደረጃ የቀዘቀዘውን፣ ቦሽ 7 ወይም ኤን ጂ ኬ 6 ማስገባት ምክንያት አለው፤ ይህን እቀበላለሁ። ከዚያ በፊት ግን የማራገቢያው ቀበቶ መጥበቁ፣ አየሩን የሚመሩት ቆርቆሮዎች በሙሉ በቦታቸው መኖራቸው፣ የእሳት አሰጣጧ ጊዜ መስተካከሉ ይታይ። ቆርቆሮው የጎደለ ሞተር በካንዴላ አይቀዘቅዝም።

ስለ ነዳጁም ይወራል። ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚወጣው ኤታኖል ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 5 በመቶ፣ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር ይቀላቀል በነበረ ጊዜ «ኤታኖል ካንዴላ ገደለ» የሚል ወሬ ተነሥቶ ነበር፤ እስከ ዛሬም የሚደግሙት አሉ። ኤታኖል የራሱን ኦክስጅን ይዞ ስለሚመጣ ድብልቁን ትንሽ ያሳሳዋል፤ ጥላሸቱም አነስተኛ ነው። ለደጋ ካርቡሬተር ይህ የሚጠቅም እንጂ የሚጎዳ አይደለም። የሚጎዳው የድሮውን የነዳጅ ጎማ ቱቦ ነው፤ እሱን መፈተሽና መቀየር ተገቢ ነው። ቮልስ ላይ ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ቱቦ መኪናዋን በሙሉ ያቃጥላልና ለካንዴላ የታሰበው ገንዘብ እዚያ ቢውል ይሻላል።

የኢሪዲየም ነገር ላይ የሚጨመሩ የእጅ ሥራ ጉዳዮችም አሉ። እኛ ዘንድ የጠቆረ ካንዴላ በሽቦ ብሩሽ ተፈትጎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተወልውሎ ይመለሳል። ተራው ይህን በመጠኑ ይችላል። ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰውን የኢሪዲየም ጫፍ ግን ብሩሹ ይሰብረዋል፤ ክፍተቱን ለማስተካከል በካቻቢቴ የነካውም ሰው እንዲሁ። ከዚህ በላይ ደግሞ አስመስለው የሚሠሩት አሉ። ኤን ጂ ኬም ዴንሶም በስማቸው ስለሚሸጡ የሐሰት ካንዴላዎች ለዓለም ገበያ ደጋግመው አስጠንቅቀዋል፤ አስመሳይ ደግሞ የሚደክመው ትርፍ ባለበት በውዱ ላይ ነው። ኢሪዲየም ብለው የሸጡለትን ገዝቶ የማይታወቅ ብረት፣ የማይታወቅ የሙቀት ደረጃ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ሰው ያሳዝነኛል።

በተራ ካንዴላ ላይ አንድ የሚሳሳቱበትን ነገር ላርም። «የመዳብ ካንዴላ» የሚሉት ጫፉ መዳብ አይደለም፤ መዳቡ ከውስጥ ነው፣ ሙቀት እንዲያሸጋግር። ጫፉ የኒኬል ቅይጥ ነው። ዕድሜው አጭር መሆኑን አልደብቅም፤ ክፍተቱ ከአገልግሎት ጋር እየሰፋ ይሄዳል፣ በ15,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር አለበት፣ በየመካከሉም ወጥቶ ክፍተቱ መለካት አለበት። አንዳንዱ ይህን እንደ ድካም ይቆጥረዋል። እኔ ለአሮጌ ሞተር ትልቅ ጥቅሙ ይኸው ነው እላለሁ፤ ካንዴላው በወጣ ቁጥር ባለቤቱ የሞተሩን ሁኔታ ያያል። 100,000 ኪሎ ሜትር የማይነካ ካንዴላ 100,000 ኪሎ ሜትር የማይታይ ሞተር ነው።

ይህን ስል ኢሪዲየምን በደፈናው እያወገዝኩ አይደለም። ቪትዝም ሆነ ሌላ በኮምፒዩተር የምትመራ መኪና መጽሐፏ ኢሪዲየም ወይም ፕላቲኒየም ካዘዘላት እሱን ትልበስ። ለእሷ ተራውን ማስገባት ያው ስሕተት ነው፤ ነዳጇ በኮምፒዩተር ይመጠናል፣ የከፍታውን ለውጥ ራሷ ታርማለች፣ ጥላሸት አያስቸግራትም፤ የአንዳንዷን ካንዴላ ለማውጣት ደግሞ ብዙ ዕቃ መፍታት ይጠይቃል። ካንዴላ የመኪናው ዕቃ ነው። ለየትኛው ሞተር እንደተሠራ ሳይጠየቅ በዋጋው ብቻ «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» የሚባል ካንዴላ የለም።

ስለዚህ አሮጌ መኪና ለያዛችሁ ሁሉ የምለምነው ይህን ነው። የመኪናችሁን መጽሐፍ ፈልጉ፤ ከሌላችሁ ካለው ሰው የካንዴላዋን ቁጥር ገልብጡና በመኪናዋ ውስጥ አኑሩት። ሱቅ ስትገቡ የፋብሪካውን ስምና ቁጥሩን አብራችሁ ተናገሩ፤ ቁጥሩን ብቻ አትጥሩ። አዲሱን ስታስገቡ ቀለበቱ እስኪነካ በእጃችሁ አዙሩት፣ ከዚያ በቁልፍ ግማሽ ዙር ያህል ጨምሩና ተዉት። ለኢሪዲየሙ ልትከፍሉ ያሰባችሁትን ገንዘብ ካርቡሬተሩን ለከፍታው ለማስመጠን፣ ፑንቲናና የአየር ማጣሪያ ለመቀየር አውሉት።

በአምቦና በጉደር፣ በጊንጪና በጌዶ ያላችሁ መካኒኮች ደግሞ፣ የምታወጧቸውን አራት ካንዴላዎች በሲሊንደራቸው ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድራችሁ ለመኪናው ባለቤት አሳዩት። እሱ ሳያያቸው አትጣሏቸው።